ፑል ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ድስት

ነፍሳቸውን ይማር ብዬ በእርጋታ ልጀምር ነበር። አልቻልኩም፤ ተናድጃለሁ።

አጎቴ ፒያሳ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ያላት ፑል ቤት ነበረቻቸው። ጠዋት ጠዋት፣ ማንም ሳይገባ፣ የጠረጴዛውን አረንጓዴ ጨርቅ በብሩሽ ይጠርጉታል፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ፀጉሩ እንዳይቆም። ከኳስና ከመምቻው ዘንግ ከስቴካ በቀር እዚያ ላይ ምንም አይቀመጥም። አንዱ ተጫዋች ረስቶ የማኪያቶ ብርጭቆውን ጠርዙ ላይ ካኖረ፣ ከባንኮኒው ጀርባ "አንሳ!" ይላሉ። ጨዋታው ቀጥ ይላል። "ይቅርታ ጋሼ" ብሎ የማያነሳ አልነበረም። እኔም ላይ ስንቴ ጮኸዋል፤ ያኔ አኩርፌያቸው ነበር።

የቀብሩ ዕለት ለቀስተኛው በዛ። ልጃቸው ጎረቤት ያመጣውን ወጥ ከነድስቱ ተሸክሞ ፑል ቤቱ ገባና ጨርቁ ላይ ዘፍ አደረገው። አሁን ከእሳት የወረደ ድስት!

"ምን እያደረግክ ነው?" አልኩት።

"ጠረጴዛ አይደል እንዴ? ሰው ይብላበት!"

የዕድሩ ጠረጴዛ እኮ ውጭ ድንኳኑ ውስጥ ተደርድሯል! ዘመድ ግን ሳህን ይዞ ተሰለፈ። እኔ ወደ ባንኮኒው ዞሬ ቆምኩ፤ ያን ድምፅ እየጠበቅኩ። የሚጮህ ጠፋ። መሞታቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ መቃብሩ አፋፍ ላይ እንኳ አልገባኝም ነበር።

ድስቱ ሲነሳ ጨርቁ ላይ ክብ ጠባሳ ቀረ። ልጃቸው "ጨርቁ ይቀየራል" ይላል። እሱንስ ተውኩት፣ ፑል ቤቱን እምብዛም ስለማይረግጥ አላወቀም። እኔ ግን አውቅ ነበር። እዚያ ተገትሬ የሞተ ሰው ድምፅ ስጠብቅ፣ ድስቱን የሚያነሱ ሁለት እጆች ነበሩኝ።