ያላጨበጨብንለት ሪፖርት

በደርግ ጊዜ አብደራፊ ከተማ፣ በመንግሥት እርሻ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ አበጣሪ ነበርሁ። የሠራተኛ ማኅበርም ነበረን፤ ማኅበር ከተባለ! ስብሰባው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ሊቀመንበሩ ሪፖርቱን ያነባል፣ ወረቀቱን ሲያጥፍ እኛ እናጨበጭባለን፣ ጸደቀ ይባላል። በዚያ አናት በሚበሳ ሙቀት ማን ያዳምጣል? ቶሎ አጨብጭበን ጥላ ፍለጋ መውጣት ነው ሐሳባችን።

አንድ ሰኞ የጋራዡ በያጅ ከሥራ ተባረረ። ጥፋቱ «የኮሚቴው ምርጫ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቁ ነበር። የሚኖረው በካምፕ ቤት ስለሆነ ሚስቱና ልጆቹም በሳምንቱ እንዲለቁ ታዘዙ። ተንጋግተን ማኅበሩ ቢሮ ሄድን። «ማን ወሰነ?» ስንል ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ።

«እናንተ ናችሁ እንጂ! ባለፈው ስብሰባ ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ተነቦ፣ አጨብጭባችሁ አጽድቃችኋል።»

ወይ ጉድ! በገዛ እጃችን! እኛ ሴቶቹ መጋዘን ውስጥ፣ ወንዶቹ ጋራዥ ውስጥ ተማከርን። የፈለገው ይምጣ፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳያጨበጭብ!

የሚቀጥለው ስብሰባ፣ ያው መጋዘኑ ውስጥ፣ የበያጁ ቤት ሊለቀቅ አንድ ቀን ሲቀረው ዋለ። ሊቀመንበሩ አነበበ፣ ወረቀቱን አጠፈ፣ ጠበቀ። ዝም። እጃችንን ብብታችን ውስጥ ወትፈን ቁጭ ብለናል። አጠገቤ ያለችው ጓደኛዬ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በነጠላዋ አፍናለች። ሰውዬው ወረቀቱን ዘረጋና የመጨረሻዋን መስመር ደገማት። አጠፈ። አሁንም ዝም! ስብሰባውን ሊታዘብ ከወረዳ የመጣው ካድሬ ቀና አለ።

«ምን ሆናችሁ፣ ጓዶች?»

ተነሣሁ። ፈርቻለሁ፣ ውሸት ምን ያደርጋል! አፌን ግን ዝም በል ብለው እሺ አላለኝም። «ጓድ፣ የበያጁ መባረር ለብቻው ይቅረብልን። የሚደግፍ ሰው እጁን ያውጣ፤ እንተያይ!»

«ይቅረብ! ይቅረብ!» መጋዘኑ በጩኸት ተናጋ።

ካድሬው ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ለብቻው አልቀረበም ነበር?»

«ከሪፖርቱ ጋር ነው የቀረበው» አለ ሊቀመንበሩ፣ ላቡን እየጠረገ።

«እንግዲያው አሁን አቅርበው» አለው ካድሬው።

«መባረሩን የሚደግፍ?» አለ ሊቀመንበሩ፣ ድምፁ ሟሙቶ። አንድ እጅ የለም፤ የኮሚቴ አባላቱ እጅ እንኳ ጭናቸው ላይ ቀረ። እልል ማለት አማረኝ።

«የሚቃወም?»

መጋዘኑ እጅ ብቻ ሆነ! የኔማ ሁለቱም ወጥተው ኖሯል፤ «አንዱን አውርጂው እንጂ!» ተብዬ ነው ያወረድሁት። የማኅበሩ ጸሐፊ እጅ እየቆጠረ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። የበያጁ ሚስት ሕፃኗን አዝላ፣ ከደጅ ሆና እጇን አንሥታለች።

«አንቺ አባል አይደለሽም፤ አውርጂ» አላት ሊቀመንበሩ።

«ከቤቴ የምባረረው እኔ ነኝ፤ ቁጠሩኝ!»

እጇን አላወረደችም። ጸሐፊው ሊቀመንበሩን አየ፣ ዞሮ እኛን አየ። ቆጠራት።