የማሽኑ ጣት

ባለፈው እሑድ ልጄ ኮምፒውተሯን ከምሳ ሳህኗ አጠገብ ዘርግታ ስትጎረጉር፣ «በሰንበት እንኳ አታርፊም?» አልኳት።

«ኮምፓይለሩን እየፈተንኩ ነው አባዬ። ፕሮግራም ሲበላሽ ‘ስህተቱ እዚህ መስመር ላይ ነው’ ብሎ የሚጠቁመው እውነቱን መሆኑን ለማወቅ፣ ሆን ብዬ እያበላሸሁ አያለሁ» አለችኝ።

የጎረስኩት መረረኝ። ይህን ፈተና በደርግ ዘመን አንድ ሰው ቀድሞ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ስንት ነገር በቀረ።

እኔና አልማዝ ያኔ አዲስ አበባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፕሮግራም ጻፊዎች ነበርን። እያንዳንዱን መስመር በአንድ ካርድ ላይ እናስበሳለን፤ ጥጉ ላይም የጻፈው ሰው ምልክቱን ያደርጋል፤ ኮምፓይለሩ የጻፍነውን ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይመልሰዋል፤ ማሽኑ የእርዳታ እህል ተቀባዮችን ስም ያትማል። አለቃችን «ለቀኑ ይድረስ» ብሎ ዝርዝሩን ሳናነበው አስጫነንና እህሉ ወደሚታደልበት ጋሸና አብረን ገባን። ኅዳር ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ የጭነት መኪኖቹ አቧራ ከገብስ ቂጣው ጋር ጥርስ ውስጥ ይንቀጫቀጫል።

የገነተ ማርያም ሰዎች ቀን ተኩል በእግር ተጉዘው፣ ባዶ ጆንያ ይዘው ተሰለፉ። ስማቸው የለም። የአንዳቸውም። ፕሮግራሙ ስማቸው ላይ ሳይደርስ ቆሟል፤ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ «ስህተት፦ መስመር 212» ይላል።

አለቃችን የፕሮግራሙን ቅጂ ገለጠ። 212ኛው መስመር ጥግ ላይ የአልማዝ ምልክት አለ።

«ጓድ አልማዝ፣ ይህ አሻጥር ነው» አላት።

«እስኪ ያንብቡት፤ ምን ስህተት አለው?» አለች።

«ማሽን አይዋሽም።»

አነበብኩት፤ ምንም እንከን የለበትም። ደሜ ፈላ። ሕዝብ ፊት ጮኼ ተከራከርኩት። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ እናውቃለና። እሱ ግን የክስ ደብዳቤውን እዚያው አጠገባችን ካለ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ መጻፍ ጀመረ።

ትውልዴ ገነተ ማርያም ነው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታም ከሰልፉ ውስጥ ነበሩ። ነገሩን አንድ ባንድ ነገርኳቸው። ጆንያቸውን አጥፈው ተቀመጡበት።

«አንተ ዳዊቱን በቃልህ እያነበነብክ ጣትህ ሌላ መስመር ላይ ትቀር አልነበር?» አሉኝ። «አፍህ ልክ፣ ጣትህ ውሸታም። እኔስ ምን አደርግህ ነበር?»

«የስንደዶ መጠቆሚያዎን አንድ ፊደል ላይ ያሳርፉና፣ ‘ይህ ማነው?’ ይሉኝ ነበር።»

«ታዲያ ይህን ማሽን እንዲያ ብሎ የጠየቀው ማነው?»

ማንም አልጠየቀውም። የኔታ ባዶ ጆንያቸውን ይዘው ተመለሱ።

አዲስ አበባ እንደገባን ሃምሳኛው ካርድ ላይ ሆን ብዬ ስህተት ከተትኩ። ማሽኑ «መስመር 43» አለ። ሌላ ቦታ አበላሸሁ፤ አሁንም ሳተ። ለካ ለራሳችን ማስታወሻ ብለን የምንጨምራቸውን ካርዶች ኮምፓይለሩ ሲቆጥር ይዘላቸዋል። የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። የተዘለሉትን እየጨመርኩ ከ212 ወደፊት ቆጠርኩና እውነተኛው ጥፋተኛ ካርድ ላይ ደረስኩ። ጥግ ላይ ያለው ምልክት የእኔ ነው።

ይህን ያገኘሁት ከምሳ በፊት ነበር፤ ያን ቀን ግን ዝም አልኩ። ጋሸና ላይ ያስጮኸኝ ቁጣ የት እንደገባ እንጃ።

በማግስቱ ጠዋት አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ደብዳቤው ትናንት ከሰዓት ወጥቷል። አሁን ማሽኑ ተሳሳተ ብለን ማን ፊት እንቆማለን? ውጣ።»

ወጣሁ። የአልማዝ ወንበር ላይ ሹራቧ ብቻ ተንጠልጥሏል።

የገነተ ማርያም ሰዎች ከሁለት ሳምንት በኋላ በእጅ በተጻፈ ዝርዝር እህል አገኙ። አልማዝ ሁለት ዓመት ታሰረች። ያን አለቃ ባነሳሁት ቁጥር እግዜር ይፍረድበት እላለሁ። ደብዳቤው የወጣባትን ያችን አንዲት ከሰዓት ግን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ልጄ ስክሪኑን አዞረችልኝ። «አርባኛው ላይ አበላሸሁ፤ አርባ አለኝ። ልክ ነው።»

«ነገም ፈትኚው» አልኳት። ድምፄ ሳላስበው ጎረነነ።

«ምን አስቆጣህ አባዬ?»

አልማዝ በየፋሲካው ትደውልልኛለች። «ያኔ የተከራከርክልኝ አንተ ብቻ ነህ፤ እግዚአብሔር ውለታህን ይክፈልህ» ትለኛለች። እኔም አሜን እላለሁ።