ዳክዬዋ ስለ ልጇ ስትጠይቅ

ልጅ ሳለሁ፣ ነሐሴ ሲያልቅ፣ ከቤታችን በታች ያለው ጨፌ ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን ውሃ አልለቅ ሲል፣ ወፎቹ ይመጡ ነበር። ከአምቦ ወደ ጉደር በአውቶቡስ የሚያልፍ መንገደኛ ዞር ብሎም አያያቸው፤ እኛ ግን ረጃጅም እግራቸውን ጭቃ ውስጥ እየተከሉ የሚለቅሙትን ቀጫጫ ወፎችም፣ በመንጋ የሚያርፉትን ዳክዬዎችም ከዘመድ እኩል እንጠብቃቸው ነበር።

ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ሚስታቸው ሞተውባቸው ከአንድ ልጃቸው ከቶሎሳ ጋር የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሲመሽ እሳታቸው ዳር እንሰበሰባለን። እርጥብ ባሕር ዛፍ ስለሚያነዱ ጭሱ ያስለቅሰናል፤ ኩራዛቸው ከምድጃው ፍም ያነሰ ነው የሚያበራው፤ ቶሎሳ ደግሞ ከኋላችን ሆኖ እንደ ዳክዬ እየጮኸ ያስደነግጠናል። ተረቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ዳክዬዋ ከሩቅ አገር ስትመጣ ልጇ መንገድ ላይ ይጠፋባታል፤ ባገኘችው ውሃ ሁሉ እያረፈች «ልጄን አይታችኋል?» ትላለች፤ በመጨረሻ እኛው ጨፌ ውስጥ፣ ቄጠማ ሥር ተደብቆ ታገኘዋለች። ያኔ መጨረሻውን እያወቅሁት እንኳ፣ ልጁ ሳይገኝ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ዓይኔን በጣቴ ገልጬ እይዝ ነበር።

ቀን ግን ተረት የለም። በእኛ አገር በቀን ተረት ያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋበታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተረት ንገሩኝ ብዬ ብጨቀጭቃቸው፣ «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ያችን አንዲት ላሜን ልታስጠፊብኝ ነው?»

አንድ ዓመት፣ ወፎቹ በመጡ ሰሞን፣ ሽንኩርት ሊሸጥ ጉደር ገበያ የወረደውን ቶሎሳን ለውትድርና አፈሱት። ኦቦ ገመቹ ገበሬ ማኅበሩ ዘንድ ሄዱ፣ አምቦም ድረስ ሄዱ። ያገኙት መልስ «ልጅዎ ለእናት አገር ጥሪ ምላሽ ሰጥቷል» የሚል ነው። ምላሽ! ሲሮጥ አጥር ላይ ነው ይዘው በገመድ ያሰሩት፤ የሱሪው ቁራጭ እሾሁ ላይ ቀርቷል። እናቴ «ጥሪ ከሆነ ገመዱ ለምን አስፈለገ?» ስትል አባቴ ተስፈንጥሮ አፏን በመዳፉ ከደነው። ይህን ምላስ ከየት አመጣሽው ለሚሉኝ፣ ይኸው።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ኦቦ ገመቹን ጨፌው ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቁጭ አልሁ። ሳልጠይቃቸው፣ «ዳክዬዋ ከሩቅ አገር ስትመጣ…» ብለው ጀመሩ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት።

«አባባ ገመቹ፣ ቀን ነው እኮ! ላሟ!»

«ትጥፋ» አሉ።

ቀጠሉ። ዳክዬዋ በየውሃው አረፈች፣ በየውሃው ጠየቀች። የእኛ ጨፌ ስትደርስ ግን ተረቱን አቋረጡት።

«አገኘችው እኮ» አልሁ። «ቄጠማው ሥር ነበረ። አገኘችው።»

ወፎቹን አዩ እንጂ እኔን አላዩኝም። ደግሜ ነገርኋቸው፤ ድምፃቸውን እንኳ አስመስዬ፣ እሳቸው በሚያወሩበት አወራር። በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ ሌላ ምን የምትሰጠው አላት?

ላሟ አልጠፋችም። ቶሎሳ አልተመለሰም። ሞተ ብሎ የነገረንም የለም፤ ስለዚህ ኦቦ ገመቹ እስኪሞቱ ድረስ ለቅሶ አልተቀመጡለትም።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን የሱቅ መጠቅለያ ወረቀት ሳይቀር እያነበብሁ ራሴን አስተማርሁ። አንድ መጽሐፍ ዳክዬዎቹ የሚመጡት አገራቸው ሲበርድ ምግብ ፍለጋ ነው ይላል። ይበል፣ አልከራከርም። ለልጆቼ ተረቱን ሳወራ ግን፣ መሽቶም እንኳ፣ ጨፌው ላይ ስደርስ አቋርጠዋለሁ። «አገኘችው! አገኘችው!» እያሉ ይጨርሱልኛል። እኔም እንደ ኦቦ ገመቹ፣ ወደ ሌላ አያለሁ።