ስድስት ቀዳዳዎች

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሚሊ ይለዋል፤ ሙሉው ሚሊሜትር ነው። ስሙን ያወጡለት ሠላሳ ስምንት ዓመት ብረት ሲጠርብ በኖረበት ቶርኖ ቤት ያሉ ባልደረቦቹ ናቸው። የያዘውን ሥራ እየለካ፣ እየፋቀ፣ መልሶ እየለካ የሰው ምሳ ሰዓት ያሳልፋል። ደንበኛው ተናዶ "ኧረ ለጋሪ ነው ያልኩህ፣ ለአውሮፕላን አይደለም!" ቢለው እንኳ ቀና ብሎ አያየውም። ጡረታ ሲወጣ ማሽኑን ለተተኪው አስረክቦ፣ ስሙንና መለኪያ ካሊፐሩን ይዞ ቤቱ ገባ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ናት። ከጓሮ ግን ከሁለቱም የሚሰፋ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ ሲሚንቶ የሆነ ጋራዥ አለ። ግድግዳው ላይ ለእያንዳንዱ መፍቻና መዶሻ ቅርጹ በቀለም ተስሎለታል፤ አንዱ ከቦታው ሲጠፋ ባዶው ቅርጽ ከሩቅ ይታያል። መሀል ላይ አሮጌዋ ፒክአፕ ቆማለች። ክብ ፊቷ ላይ ሁለቱ መብራቶች ተራርቀው ስለተቀመጡ፣ የሆነ ነገር ሰምታ የደነገጠች ትመስላለች።

መኪናዋ የጋሽ ሚሊና የታናሽ ወንድሙ አባት ንብረት ነበረች። አባታቸው ሹፌር ነበሩ፤ ጠርሙስ፣ ሲሚንቶ፣ የሙሽራ ቁምሳጥን፣ ሲከፋም ሬሳ እያመላለሱባት ሁለት ወንድ ልጆች አሳድገውባታል። ትልቁ ቶርኖ ተማረ፤ ትንሹ ብየዳ። ትንሹን እስከ ዛሬ ድረስ "ትንሹ" ነው የሚሉት፤ ስድሳ አንድ ዓመት ሞልቶት፣ ጸጉሩ ከጋሽ ሚሊ ጸጉር በፊት ነጥቶም ትንሹ ነው።

አባትየው ለልጆቻቸው አንድ ደንብ ትተውላቸው ነበር። አንድ ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ፣ ሌላው በዚያ ሥራ ላይ አፉን አይከፍትም። ጉድለት ካየ ዝም ብሎ ያቃናል እንጂ "ይህን ረሳህ" ብሎ ሰው አያሳፍርም። ሁለቱ ወንድማማቾች በሌላ በሌላው ነገር ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ በቁማር፣ በኳስ፣ ማን የእናታቸው ዓይን እንዳለው። በሥራ ግን አንዱ ሌላውን አንዲት ቃል ተናግሮት አያውቅም። በዚህም ይኮሩ ነበር።

እድሳቱን የጀመሩት አባታቸው ካረፉ በኋላ ነው። ያን ጊዜ መኪናዋ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ወንበሯ ውስጥ አይጥ ወልዶባት ነበር። ወንድማማቾቹ ግን እንደነበረች ሊመልሷት ብቻ አልፈለጉም፤ ከነበረችው የተሻለች ሊያደርጓት ነው። አሮጌው ሞተር ወጥቶ ጉልበታም ሞተር ይገባል፤ የፊት ፍሬኗ ወደ ዲስክ ይቀየራል፤ አባታቸው በሁለት እጃቸው እየተንጠለጠሉ የሚያዞሩት መሪ በአንድ ጣት የሚዞር ሃይድሮሊክ ይሆናል።

"ይሄን ሞተር የአባባ ሻንሲ አይሸከመውም" አለ ትንሹ። ሻንሲው፣ ማለትም መኪናዋን በሙሉ ከሥር የሚሸከሙት ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ በአንድ ጎናቸው እንደ ቦይ ክፍት ነበሩ። ትንሹ ያን ክፍት ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ በወፍራም ላሜራ ዘግቶ ሳጥን አደረጋቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ ፍንጣሪው ደረቱ ላይ እየረገፈ በየደ። ሲጨርስ ብድግ ብሎ ሱሪውን አራገፈና "በሉ፣ አሁን ተራራም ጫኑባት" ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ጋሽ ሚሊ መብራት ይዞ ከሥር ገባ። ብየዳው እንደ ስፌት ወጥ ነበር፤ ደስ አለው። ቀጥሎ ግን ከሻንሲው ሆድ ላይ ቀዳዳ አየ። አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ። ሌላም አየ። በአንዱ በኩል ሦስት፣ በሌላው ሦስት።

ላሜራውን ለጊዜው በቡሎን ይዞበት የነበረ ቀዳዳ መሰለው። "ደክሞት ነው፤ ረስቶት ሄደ" አለ በልቡ። ትንሹ በዚያ ዓመት ሚስቱን የቀበረ ሰው ነው። ጋሽ ሚሊ ከሱ የተማራት ትንሽ ብየዳ ነበረችውና፣ አንድ እሑድ ስድስቱንም በብየዳ ሞልቶ፣ ሞላ በሚባለው የብረት መፍጫ ፈግፍጎ፣ ቀለም ቀባቸው። ጣት ቢያልፍባቸው እንኳ አይታወቅም። ለማንም አልተናገረም። እንዲያውም በዚያ ቀን ራት ላይ ምክንያቱን የማታውቀው ሚስቱ "ዛሬ ፊትህ በራ እኮ" ብላዋለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ስምንት ዓመት የገላዋ ሥራ ነው። ጋሽ ሚሊ የተሰረጎደውን መሙያ ስቱኮ ይለቀልቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ ውሃ ያፈስባታል፣ ይፍቃል፣ ውሃ ያፈስባታል። ሚስቱ ውሃ የሞላ ባልዲ ይዞ ሲያልፍ ባየች ቁጥር "ጣውንቴ ገላዋን ልትታጠብ ነው?" ትላለች። ወንበሯን በቆዳ የሸፈነላቸው ልብስ ሰፊው ጎረቤትም በአጥር ላይ ብቅ ብሎ፣ "ጋሽ ሚሊ፣ እኔ የሰፋሁት ወንበር እኮ ሳይቀመጡበት አረጀ! እኔም እሷም ሳንሞት አንዴ አስነሳት" ይለዋል።

"ቀለሙ ገና አልደረቀም" ይላል ጋሽ ሚሊ።

"ያንተ ቀለም ድንጋይ እስኪሆን ነው እንዴ የሚደርቀው!"

በዚህ መሀል ትንሹ ማሳል ጀመረ። መጀመሪያ ሲስቅ ብቻ ነበር። ኋላ ደረጃ ሲወጣ፣ ኋላ ሲናገር፣ በመጨረሻም ተኝቶ። ሳንባው የዕድሜ ልክ የብየዳ ጢስ ጠጥቷል። ሆስፒታል ወር ተኩል ከተኛ በኋላ ሐኪሟ ጋሽ ሚሊን ኮሪደር ላይ ጠርታ፣ ጫማዋን እያየች፣ "እኛ ጋ ከዚህ በላይ የሚደረግለት ነገር የለም። አርብ ወደ ቤት ውሰዱት። የቀሩት ሳምንታት ናቸው" አለችው።

ትንሹ ይህን ሲሰማ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ጋሼ፣ በአምቡላንስ አታስወጣኝ። በሷ ነው የምወጣው። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ መስኮቱ ጋ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"በሷ ትወጣለህ" አለ ጋሽ ሚሊ። ይህን ሲል ቅዳሜ ነበር።

እሑድ ፍሬኗን አስተካከለ። ሰኞ የመብራቷን ሽቦ ቀጠለ። ማክሰኞ ሞተሯ ተነሳ፤ ልብስ ሰፊው ድምፁን ሰምቶ መቀሱን እንደያዘ ሮጦ መጣና በጋራዡ በር ላይ እያጨበጨበ ቆመ። የጋሽ ሚሊ ሚስትም ከሁለቱ ክፍል አንዱን አጸዳች። የትንሹን አልጋ ከመስኮቱ ሥር ዘረጋችለት፤ መስኮቱ ወደ ጋራዡ ስለሚያይ መኪናዋን ተኝቶ እንዲያያት ነው።

ረቡዕ ጠዋት የቀረው ጎማ መቀየር ብቻ ነበር። ጋሽ ሚሊ ክሪኩን ከኋላ በኩል ከሻንሲው ሥር አስገብቶ ያነሳ ጀመር። ክሪኩ ከፍ አለ፤ ጎማው ግን ከመሬት አልተላቀቀም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያቆም ነበር። አርብን እያሰበ አንድ ጊዜ ጨመረበት። ደረቅ ዳቦ ሲቆረስ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ የክሪኩ ራስ ሻንሲው ውስጥ ጠልቆ ገባ። ከዚያ ቡናማ ውሃ በክሪኩ ላይ እየተንዠቀዠቀ ወረደ።

መጀመሪያ ውሃው ከየት መጣ ብሎ ጣሪያውን ነው ያየው።

ከሥር ገብቶ ብረቱን ከጫፍ ጀምሮ በመዶሻ መታው። መጮህ ያለበት ብረት እንደ እርጥብ እንጨት ድፍን፣ ድፍን አለ። በሞላ ቆርጦ መስኮት ከፈተበት። ውስጡ ውሃ የገባው ካርቶን መስሎ በላይ በላዩ ተልጧል፤ በጣቱ ሲነካው ይረግፋል። መብራቱን እያስጠጋ ወደፊት ሲሄድ ከተደፈኑት ቀዳዳዎች አንዷን አገኘ። ዙሪያዋ ያለው ብረት ተበልቶ እንደ ወረቀት ሳስቷል። እሱ የሞላት ብየዳ ብቻ፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ ሆና፣ ጠንክራ ቆማለች።

ያን ጊዜ ገባው። ቀዳዳዎቹ የተረሱ አልነበሩም። የተዘጋ ሳጥን ውሃ ባይገባበት እንኳ ያልበዋል፤ ከላይ በቡሎን ቀዳዳዎች የገባበት ውሃ ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። ትንሹ ለዚህ ነበር የበሳቸው። እሱ መውጫውን ደፍኖ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ከላይ ውሃ አፈሰሰባት። እያንዳንዷ ባልዲ ትዝ አለችው።

ሚስቱ የታጠበ አንሶላ ልታሰጣ ስትወጣ እግሩን ከመኪናዋ ሥር አየች። እግሩ አይንቀሳቀስም።

"አንተ ሰውዬ! ደህና ነህ?"

"ገደልኳት።"

"ማንን?" ጎንበስ አለች። "ውጣ እስቲ። ትሠራታለህ፤ መቼ ሳትበላሽ ቀርታ ታውቃለችና?"

"ይቺ አትሠራም። ሻንሲዋ አልቋል።"

"ሆስፒታሉ እኮ ቅርብ ነው። ቀስ እያልክ ብትነዳስ?"

"እሱን ይዤ መንገድ ላይ ለሁለት ብትቆረጥስ?"

አንሶላውን እንደያዘች ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ቆይታ፣ "ሌላ በያጅ ይጠፋል?" አለች፤ ድምፅዋ ግን እሷም እንዳላመነችበት ያሳብቃል። ሥራው የሁለት ወር ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በሁለት ሳምንት የሚጨርስ አንድ ሰው ብቻ ያውቃሉ፤ እሱም ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቷል።

ሐሙስ ጋሽ ሚሊ ሆስፒታል ሄደ። ክፍሉ አራት አልጋ አለው። ትንሹ በሁለት ትራስ ተደግፎ፣ የኦክስጅን ቱቦው አፍንጫው ላይ፣ ጢሙን ተላጭቶ ጠበቀው። ነገን አስቦ ነው የተላጨው። አገጩ ላይ ምላጭ የነካት ትንሽ ቦታ አለች።

"ጋሼ። ነገ ስንት ሰዓት?"

ጋሽ ሚሊ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። "አልመጣም በሷ።"

"ለምን? አልነሳ አለች?"

"ተነስታለች። ሻንሲው በስብሷል።"

"የኔ ሻንሲ?" ትንሹ ፈገግ አለ። እየተነፈሰ፣ እያረፈ ነው የሚናገረው። "የኔ ሻንሲ አይበሰብስም። መውረጃ ትቼለታለሁ። ስድስት ቦታ። አላየሃቸውም?"

ጋሽ ሚሊ የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዘ፤ ለቀቀ። አባታቸው ደንቡን ካስተማሯቸው ጊዜ ጀምሮ ስለ ወንድሙ ሥራ አፉን ሲከፍት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

"ደፈንኳቸው።"

"ምን አልክ?"

"ደፈንኳቸው፤ ያኔውኑ። ረስተሃቸው የሄድክ መስሎኝ።"

ትንሹ ለረጅም ጊዜ አየው። ከጎን አልጋ ላይ ያለው ሽማግሌ ሬዲዮኑን ቀነሰ።

"ልትጠይቀኝ አትችልም ነበር?"

"እንዳታፍር ብዬ ነው።"

"እኔ ደግሞ" አለ ትንሹ፤ ትንፋሽ አጠረው፤ ጠበቀ፤ "እኔ ደግሞ አንተን 'እነዚህን እንዳትነካ' ብል... ጋሽ ሚሊን ሥራ ላስተምር? ነውር መሰለኝ።"

ጋሽ ሚሊ የብርድ ልብሱን ጫፍ መልሶ አስተካከለለት።

"ስድስቱንም?" አለ ትንሹ።

"ስድስቱንም።"

"ምናለ አንዷን እንኳ ብትረሳ!"

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉ አልቆም አለ። ነርሷ ሮጣ መጥታ ቀና አደረገችው፤ ጋሽ ሚሊን በክንዷ ገፍታ ወደ ኋላ አስቆመችው። ሲረጋጋ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር፤ ከሳሉ ይሁን ከሌላ፣ ጋሽ ሚሊ ሊለይ አልቻለም። ደፍሮም አልጠየቀም።

"ታክሲ ላምጣልህ?" አለው። "ከፊት ወንበር፣ መስኮቱ ጋ..."

"ተወው ጋሼ። ያው ነው።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አርብ በአምቡላንስ አመጡት። ሁለት ሰዎች በቃሬዛ አስገብተው ከመስኮቱ ሥር አልጋው ላይ አሳረፉት። መስኮቱ ክፍት ነው፤ የጋራዡም በር ክፍት ነው፤ መኪናዋ በቀን ብርሃን ቀለሟ እያበራ ቆማለች። የጋሽ ሚሊ ሚስት የጋራዡን በር መዝጋት ትዝ ያላት አሁን ነው። ትንሹ መኪናዋን አንድ ጊዜ አያት። ቀስ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

"እትዬ" አለ፤ "መጋረጃውን ዝጊልኝ።"

ዘጋችው።

ጋሽ ሚሊ ሰዎቹን ሊሸኝ ወጣ። የአምቡላንሱ ሹፌር፣ ወጣት ነው፣ በጓሮው ሲያልፍ ቆሞ አፉን ከፈተ። ጋራዡ ውስጥ ገብቶ ፓራፋንጎዋን፣ የጎማ ሽፋኗን፣ ዳበሰ፤ ጎንበስ ብሎ በቀለሙ ውስጥ ፊቱን አየ።

"አባቴ፣ ይሄ እንዴት ያለ ሥራ ነው! እንዲህ ያለች መኪና እያለችዎት በኛ ያስመጡታል?"

ከመጋረጃው ጀርባ ሳሉ ይሰማል።

"አትሄድም" አለ ጋሽ ሚሊ። ወጣቱ እስኪወጣ ጠበቀ፤ ከዚያ የጋራዡን በር በሁለት እጁ ገፍቶ ዘጋ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ የሚገባበት ስላጣ እዚያው በሩ ላይ ቆመ።