ከቀዩ ላይ የወደቀው መርፌ

ቡሬ፣ ከገበሬዎች ማኅበሩ የእህል መጋዘን በር ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ ዘበኛ አሉ። ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። ካፖርታቸው የሌላ ሰው ነበር መሰል፣ እጅጌው ጣቶቻቸውን ይሸፍናል። ወር በገባ የሚካኤል ዕለት ግን እጅጌውን ሰብስበው ቀዩን የእሳት ማጥፊያ ከግድግዳው ያወርዳሉ። ያኔ ግራ እጃቸው እስከ ክርናቸው ተጨማዶ ይታያል፤ የቃጠሎ ጠባሳ ነው። ማጥፊያውን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውላሉ፤ በውስጡ ያለው የማጥፊያ ዱቄት እንዳይጋገር ይገለብጡታል፤ የመለኪያውን መርፌ አይተው መልሰው ይሰቅሉታል። መርፌው ከመለኪያው ቀይ ምልክት ላይ ከወደቀ ቆይቷል፤ ግፊቱ አልቋል።

"የሰቀለው ሰው፣ 'በየወሩ እናንተ እዩት፣ በየዓመቱ ባለሙያ ይፈትሸዋል' ብሎን ነበር" አሉኝ። "እኔ ወሩን አላጓደልሁም። ዓመቱ ነው የቀረ።"

"ለአለቆቹ አልነገሯቸውም?"

"ነግሬ ነበር። ለግምገማ ሲመጡ ሲያብረቀርቅ ያዩታል። 'ይኸማ አዲስ ነው' ብለው ያልፋሉ።"

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። የከተማው ሰው ሁሉ ጥራጊውን ከየደጁ ሰብስቦ ያጥናል፤ ጭሱ መንገዱን ሞልቶታል። እርሳቸው ብቻ እሳት አልጫሩም። ማጥፊያውን ታቅፈው ከመጋዘኑ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል።

"ካልሠራ ምን ያደርግልዎታል?" አልኋቸው።

ጭሱን እያዩ ማጥፊያውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት።

"ቤቴ ሲነድ በባዶ እጄ ነበር የገባሁ" አሉ። "በባዶ እጄም ወጣሁ።"