ለእንፋሎት ባቡር የጫንኩት ከሰል

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት ከሩብ

እዚህ ኦሃዮ፣ ሞርስ ሮድ ገና አልነቃም። የሐበሻ ግሮሰሪው የብረት በር እንደተዘጋ ነው። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የነርስ ረዳት ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። ዳምፕ ትራኬን፣ ገልባጩን መኪናዬን፣ ከቆመበት አስነሳሁ። እስከ ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ መንገድ ስጽፍ ራሴን ጥሩ ሹፌር አድርጌ ነው። ይህን ጉዞ ግን እያፈርኩ ነው የምጽፈው።

ጭነት የሚያገናኘኝ ብሮከር የሰጠኝ ሎድ ሃያ ቶን የድንጋይ ከሰል ነው፤ ከምሥራቅ ኦሃዮ ወደ አንድ የባቡር ማኅበር የሚደርስ። ማኅበሩ የበጎ ፈቃደኞች ነው። በእንፋሎት የሚሄድ አሮጌ ባቡር ጠግነው ቅዳሜና እሑድ መንገደኛ ያሳፍራሉ። ከሰሉን የሚመርጡት ሴትዮ አብረውኝ ይሄዳሉ ተብያለሁ።

ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር፣ ነዳጅ ማደያ ጋ አገኘኋቸው። ሚስ ዶና ይባላሉ፤ እኔም በላይ እባላለሁ አልኳቸው። ሰባዎቹን ያጋመሱ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ አስተማሪ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። አባታቸው ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነበሩ። እጃቸውን ይዤ ትራኩ ላይ አወጣኋቸው። አራት የተቀቀለ እንቁላል ይዘው ሁለቱን ለእኔ ሰጡኝ።

ሐሙስ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ሀይዌይ 70ን ይዘን ወደ ምሥራቅ። ዜንስቪልን ስናልፍ ሜዳው ያበቃና ኮረብታው ይጀምራል። ቀይ ጎተራዎች፣ እርጥብ ሣር፣ ካፊያ።

«ኦሃዮ ከሰል ሞልቶ የለም እንዴ? ለምን ይህን ያህል ርቀው ይሄዳሉ?» አልኳቸው።

«ሞልቷል። ግን የሚሸጡት ለኃይል ማመንጫ የተፈጨውን ነው። እኛ የምንፈልገው ቡጢ የሚያክል፣ የታጠበ፣ ድንጋይ ያልገባበት ነው። ድሮ የምንገዛበት ጉድጓድ ተዘጋ። ይኼኛውን ለማግኘት ዊንተሩን ሙሉ ስልክ ስደውል ነው የከረምኩት።»

«የተፈጨው ቢሆንስ?»

«ዱቄቱ ሳይነድ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ድንጋዩ ደግሞ ቀልጦ የምድጃውን ወለል ይደፍነዋል። እሳቱ አየር ሲያጣ ባቡሩ ሰው እንደጫነ ዳገት ላይ ይቆማል።»

የዓመቱ የመጀመሪያ ጉዟቸው ቅዳሜ ነው። ለሁለቱም ዙር ቲኬቱ አልቋል።

ሐሙስ፣ ረፋድ 4 ሰዓት

የከሰል ሻጩ ግቢ ጭቃ ነው። ሁለት ክምር አለ፤ አንዱ የሚያብለጨልጭ ጓል፣ ሌላው አመድማ ድቃቂ። ሚስ ዶና ሁለት ጓል አንስተው አጋጩ፤ እንደ ሸክላ ጮኸ። «ይኼ ነው» አሉና ወረቀት ሊፈርሙ ወደ ቢሮ ገቡ።

ሎደሩን፣ ከሰል የሚዝቀውን ማሽን፣ የሚነዳው ጺማም ሰው ወደ መስኮቴ መጣ።

«የጥሩው ክምር ዙሪያ ጭቃ ነው፤ ሎደሩ ይሰምጥብኛል። አንድ ሁለት ሰዓት ከጠበቅከኝ ጠጠር አለብሰዋለሁ። ካልሆነ ከሥር ይኼን ላድርግና ከላይ በጥሩው ልሸፍንልህ።»

ሰዓቴን አየሁ። ልጄ ሜሮን ዛሬ ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ፣ በምንኖርበት ዌስተርቪል፣ ትምህርት ቤቷ ቫዮሊን ትጫወታለች። ባለፉት ሁለት ጊዜያት ቀርቻለሁ። ባለቤቴ ሰላም ጠዋት ደውላ «ዛሬም እንዳትቀር» ብላኛለች።

«ጫን» አልኩት።

ሚስ ዶና ተመልሰው መጡ። መሰላሉን ይዘው ወጥተው ከላይ ያለውን አዩ።

«ንገረኝ በላይ፣ እስከ ታች ድረስ እንደዚህ ነው?»

«አዎ።»

«አንተ ቆመህ ስላየኸው ልቤ አረፈ» አሉኝ። ሸራውን ጎትቼ አለበስኩት።

ሐሙስ፣ ከሰዓት 8 ሰዓት

ትንሽ የእንጨት ጣቢያ። ቱታ የለበሱ ስድስት ሽማግሌዎች ሊቀበሉን ተሰልፈዋል። አለቃቸው ቢል የሚባል ረጅም ሰውዬ ነው። የጭነት ሳጥኑን ሳነሳው መጀመሪያ ጓሉ ወረደ፤ ቀጥሎ ጥቁር አቧራና ግራጫ ድንጋይ። ቢል አንድ እፍኝ ዘግኖ በጣቱ ሲያሸው እንደ አፈር ፈረሰ።

«ዶና፣ አላየሽውም?»

«አይቼው ነበር» አሉ ሚስ ዶና። «ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። እኔ ሸራውን መጠቅለል ያዝኩ። እሳቸውን ቢል እንደሚያደርሳቸው ሲነግሩኝ ትራኬን አዙሬ ወጣሁ።

ለሜሮን ደረስኩላት። ከመድረኩ ላይ አይታኝ ፊቷ በራ። ምን እንደተጫወተች ግን ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም። መኪና ውስጥ ለሰላም ሁሉንም ነገርኳት።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች። «ለሳቸው ንገራቸው እንጂ።»

ዓርብ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

በቤት መኪናችን ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ የሽቦ ወንፊት ዘርግተው ከሰሉን ይነፋሉ። ሚስ ዶና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ድንጋዩን በእጃቸው ይለቅማሉ።

«ሚስ ዶና፣ ዓይንዎ ምንም አልሆነም። ሎደር የሚነዳው ሰውዬ ሲቀላቅል አይቻለሁ። ጫን ያልኩትም እኔ ነኝ።»

እጃቸው ቆመ። «ለምን?»

የሜሮንን ነገርኳቸው።

«ብትነግረኝ እኮ ወደ ልጅህ ሂድ ነበር የምልህ። ከሰሉን ሌላ መኪና ያመጣው ነበር።» አንድ ድንጋይ ለቅመው ጣሉ። «አሁን ለእነሱም ንገራቸው። ትናንት እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ።»

ስድስቱ ሥራ አቁመው ከበቡኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳቸው። ቢል ረጅም ጊዜ አየኝና አካፋ አቀበለኝ። «ከዚያኛው ጫፍ ጀምር።»

እስከ 10 ሰዓት ነፋን። የተረፈው ጓል ለአንድ ዙር ብቻ የሚበቃ ነው፤ ሌላውን በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ይጎትተዋል። ሚስ ዶና ቲኬት ለገዛው ሰው ሁሉ እየደወሉ «ይቅርታ፣ ችግር ገጥሞን ነው» ሲሉ፣ አካፋዬን እንደያዝኩ አንድ በአንድ ሰማሁ። የማን ጥፋት እንደሆነ ለአንዱም አልተናገሩም።

ልሄድ ስል መኪናዬ ድረስ ሸኙኝ።

«ስለመጣህ አመሰግናለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ። ለሚቀጥለው ሎድ ግን ሌላ ሹፌር ነው የምፈልገው።»

«ልክ ነዎት» አልኳቸው።

ዓርብ፣ አመሻሽ

ዌስተርቪል ስገባ ጎረቤቴ ሣሩን ያጭዳል፤ እጁን አነሳልኝ። ሰላም በሩን ከፈተች።

«ይቅር አሉህ?»

«አሉኝ። ግን ሌላ ሹፌር ይፈልጋሉ።»

«እኔም ብሆን እፈልግ ነበር» አለች። ከበሩ ዞር ብላ አሳለፈችኝ፤ ገባሁ።