ጁምዓ እስኪወጣ የጠበቅሁት ሞተር

ቢቸና ላይ መካኒኩ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ደቅኖ ቆየና «ከእንግዲህ እንዳታስነሷት» አለ። የሞተሩን ቺንጋ ወጥሮ የሚይዘው ኩሽኔታ አልቋል። ቺንጋው ከቦታው ከዘለለ ፒስተንና ቫልቭ ይማታሉ፤ ያኔ ሞተሩ አበቃለት። ያቺ አሮጌ መኪና ደግሞ የአባቴ እርሻም ሱቅም ነች። ሌላ መተዳደሪያ የለንም።

ዕቃውም የሚገጥመው ሰውም የተገኘው ሞጣ ነው። ከአይሱዙ ኋላ በገመድ ታስረን ሄድን። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሞተር ከጠፋ ፍሬን ድንጋይ እንደሚሆን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር የአይሱዙው ቂጥ ወደ ፊቴ ይመጣል። አባባ ከጎኔ ጸሎት ይደግማሉ፤ እኔ ፍሬኑን በሁለት እግሬ እረግጣለሁ።

የሞጣው መካኒክ እጁ ፈጣን ነው። ከቦርሳዬ ያወጣሁለትን የጥፍር ቀለም ተቀብሎ ቺንጋው የሚያዞራቸው ጥርሶች የቆሙበት ላይ ምልክት አደረገ፤ ቺንጋውን አወጣ፤ ያለቀውን ኩሽኔታ ፈታ። በዚህ መሀል አዛን ተሰማ። ዓርብ ነበር።

«ጁምዓ ሰግጄ መጣሁ» አለኝ እጁን እየታጠበ። «እነዚህ ጥርሶች ትንሽ እንኳ ከዞሩ አለቀልን። ማንም እንዳይነካ።»

ኮፈኑ እንደተከፈተ ሄደ። ዶሮ ባለፈ ቁጥር ሮጬ አባርራለሁ። ይባስ ብለው አባባ ከመቀመጫው ስር የጠበል ጠርሙሳቸውን አወጡ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ሳይረጩ ከቤት አይወጡም።

«አይሆንም አባባ።»

«ጭራሽ ጠበል መከልከል ጀመርሽ?»

«ካልሆነ እኔን ይርጩኝ።»

የምር ረጩኝ። እጄን ዘርግቼ ኮፈኑ ፊት ቆምኩ፤ ውሃው በአንገቴ ይወርዳል።

መካኒኩ ሲመለስ አየኝና ሳቀ። «ሞተሩስ?»

«ደረቅ ነው።»

«ጋሼ፣ ጠበሉ ለሹፌሯ ይበቃል» አላቸው።

አዲሱን ኩሽኔታ አሰረ፤ ቺንጋውን መለሰ፤ ሞተሩን በመፍቻ ቀስ አድርጎ በእጁ አዞረው። የጥፍር ቀለም ምልክቶቹ ቦታ ቦታቸው ላይ ገጠሙ።

«በይ አስነሺ።»

አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቁልፉን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። መካኒኩ ደገመልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ አዞርኩት። አጉረመረመና ያዘ።

«የተነሳችው እሷ ናት?» አሉ አባባ፣ ሳይዞሩ።

«እሷው ናት ጋሼ።»

ወደ ቢቸና ስንመለስ አባባ ሬዲዮ ከፈቱ። ዘጋሁት። ቤታችን ደጃፍ ደርሰን ሞተሩን እስካጠፋ ድረስ ጆሮዬን ከድምፁ ላይ አላነሳሁም። እሳቸውም መልሰው አልከፈቱትም።